የእስጢፋኖስን ማሽን ስለ መዝጋት

ይድረስ ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለአያ ገብረ ኪዳን፤ ዛሪማ።

ከሰላምታዬ በፊት ለአንተ፣ ለደብርህ ካህናትና በጠቅላላው ለዛሪማ ሕዝብ በአክብሮት የማሳውቀው ከባድ ጉዳይ ስላለ፣ ይህን መስመር ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ። እኔ ታናሽ ወንድምህ ቢያዝን ባለፈው ሐሙስ ረፋድ አዘዞ በሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት ቀርቤ፣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ጺሜን ሙሉ በሙሉ ተላጭቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ልዩ ልዩ ወሬ ሊነዛ ስለሚችል ምክንያቱን ከራሴ አንደበት ስማ፦ ሙቀት ነው። ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ወዲህ ጺም ይዞ እዚያ መግባት አይቻልም። ሠለስቱ ደቂቅም እሳቱ ውስጥ ሲጣሉ ጺም እንዳልነበራቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ስናይ ነው ያደግነው። ስለዚህ ድርጊቴ መሠረት አለው።

ይህን ካሳወቅሁ በኋላ ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ። እንዴት ሰነበትህ? እጅግ እንዴት ሰነበትህ? ማኅሌት ቆመህ ስታድር የሚያምህ ጉልበትህ ተሻለው? ሐረገወይንስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ጸሎት ጥርስ አወጣች ወይስ እስካሁን በድዷ ነው የምትገዛችሁ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። «ደህና» ስልህ ግን በእኛ መሥሪያ ቤት ትርጉም ነው፤ እስካሁን የነደደ ነገር የለም ማለት ነው። እናታችን ለተ ማርያም ወገቧን ያማታል፤ ሆኖም እኔን ለመቆጣት ሲሆን ቀጥ ብላ ትነሣለች። ከቀሰስህ ወዲህ «አንቱ» እንድልህ ታዛኛለች። በቃል እሞክራለሁ፤ በጽሑፍ ግን «አንቱ» ቦታ ይፈጃል፣ የቦታ ጥበት ደግሞ ምን እንዳደረገኝ ከዚህ በታች ታነባለህ።

ከገና በፊት በሹፌሩ በዳኛው እጅ የላክሁልህ ደብዳቤ ደርሶህ እንደሆነ መልሱን ገና እየጠበቅሁ ነው። ካልደረሰህ ይኸኛው ይተካዋል። ስልክህ ኮረብታው ላይ ካልወጣህ አይሠራም አሉኝ፤ አንተ ኮረብታው ላይ በምትወጣበት ሰዓት ደግሞ እኔ ሰርቨር ክፍል ነኝ፣ እዚያ ኔትወርክ አይገባም። መንገዱንም አንተው ታውቀዋለህ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና ሹፌር ይዘን ቀርተናል።

አያ፣ ነገሩ ያንተን የንስሐ ልጆች፣ ጋሼ ህሩይንና እትዬ አማረችን የሚመለከት ነው። ጥፋቱም በከፊል ያንተ ነው። አትቆጣ፤ እየቆየህ ይገባሃል።

ባለፈው ስትመጣ ለአባቶች «ወንድሜ ኮምፒውተር ይጠግናል» ብለህ ስታስተዋውቀኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። አሁን ግን ሥራዬ ካልገባህ ደብዳቤውም አይገባህምና ላስረዳህ። ጋሼ ህሩይ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ድሮ እያንዳንዱ የቢሮ ሠራተኛ ጠረጴዛው ሥር የራሱ ኮምፒውተር ነበረው። ኮምፒውተሮቹም ከሠራተኛው እኩል ዱቄት ይበሉ ነበር፤ ልዩነቱ ሠራተኛው ሲወፍርበት እነሱ ይሞቱበታል። ስለዚህ ሁሉንም አነሣንና አንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ትልልቅ ሰርቨሮችና አንድ ስቶሬጅ፣ ማለት የሁሉም ፋይል የሚገባበት የጋራ ጎተራ፣ አቆምን። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር አሁን አካል የለውም፤ ከነፋይሉ ከነልማዱ እዚያ ሰርቨር ውስጥ ይኖራል። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ፋብሪካውም፣ ከተማ ውስጥ ያሉት ዳቦ ቤቶችም፣ የጭነት ሚዛኑም በዚሁ ይሠራሉ። በአንድ ቤተ መቅደስ ሁለትና ሦስት ታቦት ደባል ሆኖ እንደሚያድር አስበው። የእኛዎቹ ማሽኖች ግን ደባል መሆናቸውን አያውቁም፤ እያንዳንዳቸው ቤቱ የብቻቸው ይመስላቸዋል። በዚህ በኩል ከተከራይ ይልቅ ባለሥልጣን ይመስላሉ።

በጎተራው ላይ አንድ ነውር አለብን። ለየማሽኑ «ይህን ያህል ቦታ አለህ» ብለን ቃል እንገባለን፤ የገባነው ቃል ሲደመር ግን ከጎተራው ይበልጣል። ደጋሽ ዳሱ ከሚችለው በላይ የሚጠራው ሁሉም አይመጣም ብሎ አይደል? እኛም እንደዚያው ነን፤ ሙያው ይፈቅደዋል። ሁሉም የመጣ ቀን ግን የሚቸገረው እንግዳው ብቻ አይደለም፤ ጎተራው ጢም ሲል ማሽኖቹ ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ።

ይህን ሁሉ እንድንሠራ አባቱን ለምኖ ያሳመነልን እስጢፋኖስ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አንተ እንደ ጋሼ ህሩይ ልጅና እንደ ሽያጭ ኃላፊው ታውቀዋለህ። እኔ ደግሞ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ሰው አድርጌ ነው የማውቀው። ባለፈው ዓመት የካቲት ያን ቀን እኔ ፕሪንተር ስጠግን ቆየሁበትና ብቻውን ለምሳ ወጣ። አዘዞ መንገድ ላይ ማኪና ገጨው። የቀረውን፣ ፍትሐቱን ያደረስህ አንተው ነህና፣ አልነግርህም። ማሽኑን ሳይዘጋ ነው የወጣው። ተመላሽ ነበራ።

በሣልስቱ ጋሼ ህሩይ መጡና በሩ ላይ ቆመው «የልጄ ማሽን እንዳለ ይቀመጥልኝ። ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት። ሲሠራ ነው የተለየኝ፤ ሥራው እንዳቋረጠው ይቆይ» አሉኝ። እኔና ምስጢር የምትባለው የሥራ ባልደረባዬ በእኛ ቤት ስናፕሾት የሚባለውን ወሰድንለት። ስናፕሾት ማለት ማሽኑን በዚያች ደቂቃ እንዳለ፣ የተከፈተው መስኮት እንደተከፈተ፣ ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ የሚጨመረው ሁሉ ዋናውን አይነካም፤ ጎኑ በተከፈተ ሌላ ፋይል ላይ ይከማቻል። በፈለግህ ቀን ወደታሰረችው ደቂቃ መመለስ ትችላለህ። የጎኑ ፋይል ግን ማደግ እንጂ መቀነስ አያውቅም። ለአንድ ሁለት ቀን ነው የተሠራው። ለሐዘን አልተሠራም።

ጋሼ ህሩይም ከዚያ ወዲያ ቢሮውን ቆለፉት፤ በየስብሰባውም ይህንኑ ማሽን እየጠቀሱ ያሸማቅቁን ጀመር። «እስጢፋኖስ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሒሳብ ሲያወራርድ ነበር! ያቋረጠው ሥራ አሁንም እዚያ ተከፍቶ አለ። እናንተ ቁማችሁ ታወራላችሁ!» ይሉናል። ሠራተኛው ሁሉ በሟች ተበልጦ ዓመቱን ገፋ።

አሁን ያንተ ተራ ነው። በአርባው፣ ተዝካሩ ሲያልቅ፣ እትዬ አማረችን ስታጽናና «ተለየን ብለሽ አትዝጊበት። የቤቱን ወሬ ንገሪው። ማን ወለደ፣ ማን ተዳረ፣ ንገሪው፤ ይሰማሻል» አልሃቸው። ሸጋ ምክር ነው። አንተ መቃብሩ ዘንድ ቆመው በአፋቸው የሚነግሩት መስሎህ ነበር። እሳቸው ግን የዛሬ ሰው ናቸው። በማግሥቱ፣ ጋሼ ህሩይ ወፍጮው ዘንድ ባሉበት ሰዓት፣ ስልካቸውንና ገመድ ይዘው ወደ ምስጢር መጡና «አባ አዘውኛል፤ የልጄን ኮምፒውተር ክፈቺልኝ» አሉ። የቢሮው ሁለተኛ ቁልፍ በእጃቸው ነበር።

መጀመሪያ የገለበጡለት ምን እንደነበር ታውቃለህ? የራሱን ተዝካር። ዳስ ሲተከል ጀምሮ እንግዳ እስኪሸኝ ድረስ፣ ያልተቆረጠ ሙሉ ቪዲዮ፣ እስጢፋኖስ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠለት። ምስጢር ግራ ገብቷት «እትዬ፣ ይኼ እንኳ ምን ያደርግለታል?» ብትላቸው «ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ እንዳይጨነቅ ነዋ!» አሏት።

ምስጢር እየተርበተበተች መጥታ «ጋሼ እንዳይነካ ብለዋል፣ እትዬ እየነኩት ነው፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ። «ስናፕሾት አለው፤ ዋናው አይነካም። የሁለቱም ትእዛዝ ተከብሯል፤ ዝም በይ» አልኋት። እግዜር ያሳይህ፣ አያ፣ በዚያች ደቂቃ ራሴን እንደ ሰሎሞን ነበር የቆጠርሁት።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አማረች አንድም ጠዋት አልቀሩም። የእህቱ የሕሊና ምርቃት ገባ። የላሚቱ መውለድ ገባ፤ ጥጃው እስኪቆም ድረስ ተጠብቆ። የጎረቤት ሠርግ ገባ፤ ከሙሽሮቹ ይልቅ ጄኔሬተሩ የሚሰማበት። ክረምቱ ሲገባ የጓሮው በቆሎ በየሳምንቱ እያደገ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ሳልፍ «ይቺ እንኳ አታውቃትም፣ አንተ ከሄድህ ነው የመጡት» እያሉ ሲያስተዋውቁት እሰማለሁ። ቆሜ ላለመስማት ፈጥኜ አልፋለሁ። ጋሼ ህሩይ ከሰዓት በኋላ መጥተው የተቆለፈውን በር በመዳፋቸው ነካ አድርገው ይመለሳሉ። አንዳቸው ጠዋት፣ ሌላቸው ከሰዓት፤ በአንድ በር ሁለት ሐዘንተኛ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ጎተራዬ ይሞላል።

አዲስ ዲስክ እንዲገዛልን አመለከትሁ። ማመልከቻው ግዢ ክፍል ገባና በዚያው መነኮሰ። «ታዲያ የእናቱን ቪዲዮ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ፣ ማሽኑን ዘግታችሁ አትገላገሉም?» ትለኝ ይሆናል። ገልባጭ ጠፍቶ አይደለም፤ ለመዝጋት መንገር ያስፈልጋል። ለጋሼ ህሩይ «ማሽኑ ዓመት ሙሉ ተነክቷል» ብሎ የሚነግር ማን ነው? ለእትዬ አማረች «ስናጠፋው ነው» ብሎ የሚነግርስ? ምስጢር «አንተ ለጋሼ፣ እኔ ለእትዬ» አለች፤ እሺ አልሁ። በማግሥቱ ተገናኝተን ስንተያይ ሁለታችንም አልነገርንም። ያን ጊዜ ነው ለአንተ የጻፍሁልህ፤ የንስሐ አባታቸው ነህና አንተ እንድትነግራቸው። ዛሪማ ዝም አለች።

ጥምቀት መጣ። የዘንድሮውን ጥምቀት የእትዬ አማረች የእህት ልጆች እያንዳንዳቸው በየስልካቸው፣ ታቦታቱ ከመንበራቸው ሲነሡ ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ ቀርጸውታል፤ ስልኮቹም አዳዲስ ናቸው፣ የዲያቆኑን የቅንድብ ፀጉር ሳይቀር ያሳያሉ። እሳቸውም «ሁልጊዜ ከወጣቶቹ ጋር ምንጣፍ ያነጥፍ ነበር፣ ዘንድሮ አይቀርበትም» ብለው ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም ስልክ በመሶብ ክዳን ደርድረው አመጡ። አልቀለድሁም፤ በመሶብ ክዳን ነው።

ረፋድ ላይ ጎተራው ሞላ። መጀመሪያ ገንዘብ ያዧ «ሲስተም የለም» አለች። ከዚያ ሽያጭ ክፍል። ከዚያ ከከተማ ዳቦ ቤቶቹ ደወሉ። ከዚያ የጭነት ሚዛኑ ቆመና ማኪናዎቹ ከግቢው በር እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፉ ጀመር። ዳሱ ወድቆ እንግዳው ሁሉ በላያችን ላይ ሆነ በለው። ምስጢር ገመዶቹን ይዛ ቆመች፤ ገመድ መያዝ ምንም እንደማይጠቅም እሷም ታውቀዋለች።

ጋሼ ህሩይ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው ገቡ። «ቢያዝን! ምን ሆነ?» አሉኝ። «ስቶሬጁ ሞላ፣ ጋሼ።» «ምን ሞላው?» «ቪዲዮ።» «የማን ቪዲዮ?» አያ፣ አንተ በሌለህበት ንስሐ ያስገቡኝ ጀመር ማለት ነው። «የእስጢፋኖስ ማሽን ላይ ያለ ነው» አልሁ። «እስጢፋኖስ ከሞተ ዓመቱ! ማን ነው የሚቀርጸው?» ብለው ጮኹ። ከኋላቸው ከበሩ በኩል «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አማረች መሶብ ክዳኑን እንደያዙ ቆመዋል። ስክሪኑ ታቦት እንደቆመ ደርቆባቸው ሊጠይቁ ነበር የመጡት።

ጋሼ ህሩይ ወደ እኔ ዞረው «አልተነካም ብለኸኝ!» አሉ። «ሥሩ አልተነካም ጋሼ፣ ላይ ላዩን ነው» ብዬ ስጀምር እትዬ አማረች አቋረጡኝና «ቆልፈህበት ልትተወው ነበር? ዓመት ሙሉ? ብቻውን?» አሏቸው። «እንዳለ እንዲቆይልኝ ብዬ ነው።» «እኔ ደግሞ እንዳይቀርበት ብዬ!»

ምርጫውን ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ድምፄም ሰው የሞተ ያህል ቀጥኖ ነበር። «አሁን በእጃችን ሌላ ዲስክ የለም። ማሽኑን ወደዚያች ቀን ብንመልሰው ጎተራው ወዲያው ይለቀቃል፤ የእትዬ ግን ይጠፋል። የእትዬን ከዋናው ብንቀላቅለው እሳቸው ያመጡት ይቆያል፤ ያቺ ቀን ግን አትገኝም። ዓመቱን ሁለቱንም ይዘን ነው እዚህ የደረስነው» አልኋቸው።

እንዲጣሉ እየጠበቅሁ ነበር። የተጣሉት ግን በመተው ነው። ጋሼ ህሩይ «የእሷ ይቆይ፣ የእኔን ተዉት» አሉ። እትዬ አማረች «አይሆንም፣ የእሱ ይቆይ» አሉ። «አልሁ እኮ!» «እኔም አልሁ!» ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እከፍላለሁ እከፍላለሁ ብሎ እንደሚተናነቅ ሰው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከውጭ ማኪናው ጥሩምባ ይነፋል። ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ፤ በመጨረሻ ጋሼ ህሩይ እንደልማዳቸው፣ ሰላሳ ዓመት ሲምሉበት የኖሩት ከአፋቸው አመለጠና «እስጢፋኖስ ይሙት! የእሷ ነው የሚቆየው!» አሉ።

ጋሼ ህሩይ የገዛ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ዱቄቱ ላይ የጣታቸው ምልክት ቀረ። እትዬ አማረች እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አኑረው፣ ዝግ ብለው፣ «ሞቷል እኮ» አሏቸው። ይህን ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ትጠይቅ እንደሆነ፣ የራሴን ማሽን ሰረዝሁ። ሥራዬና ማስታወሻዬ ሁሉ ያለበት ነበር፤ ሆኖም በዚያ ግቢ ካሉት ማሽኖች የሚያለቅስለት የሌለው እሱ ብቻ ነው። የተለቀቀው ቦታ ትንሽ ቢሆንም ማሽኖቹ ተነፈሱ፤ ሚዛኑ ተነሣ፤ ማኪናዎቹ ገቡ። ምስጢር ከወንድሟ ዲስክ ተውሳ አመጣችና የእትዬ አማረችን ቪዲዮ ወደዚያ ማውጣት ጀመርን። ረጅም ነው፤ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። ሁለቱ እስጢፋኖስ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከመውጣቱ በፊት አንድ በአንድ ይመለከቱት ነበር። ጋሼ ህሩይ በተዝካሩ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር ለካ ማንንም አላዩም። «ይኼ ሰውዬ መጥቶ ነበር እንዴ?» አሉ። «ከዳሱ ተከላ ጀምሮ ነበር እንጂ!» አሏቸው እትዬ። «እኔ እኮ ቀረብኝ ብዬ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሥቼዋለሁ!» ከዚያው ሆነው ደውለው ይቅርታ ጠየቁት፤ ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይገባው እሱም ይቅርታ ጠየቃቸው። አንተንም አየንህ፣ አያ። ጠላውን ስትባርከው ብቻ ሳይሆን ስትጨርሰውም ካሜራው አልተለየህም።

ረቡዕ አስተርእዮ ማርያም ስለነበረች ፋብሪካው ዝግ ነው። ከንግሥ መልስ ሁለቱም ነጭ እንደለበሱ መጡ። እትዬ አማረች «እንግዲህ ለአባቱ ያቺን ቀን መልስለት» አሉኝ። ማሽኑን ወደታሰረችው ደቂቃ መለስሁት። ዓመት ሙሉ ከሥር የተቀመጠችው ቀን ብቅ አለች፤ ለምሳ ሲወጣ ትቷት እንደሄደ።

ሒሳቡ አለ፤ ከኋላ ነው። ከፊት ያለው ግን ካርታ ነበር። እስጢፋኖስ በኮምፒውተር ካርታ ሲጫወት ነው ለምሳ የወጣው፤ ጨዋታው ግማሽ ላይ ነው። ጋሼ ህሩይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው «ይኼ ምንድን ነው?» አሉ። ምስጢር ጣሪያውን ስታይ እኔ መሬቱን አየሁ። «ጨዋታ ነው፣ ጋሼ» አልሁ። እስጢፋኖስ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሲሠራ ነበር እየተባልን የተሰደብነው ስድብ ሁሉ በዚያ ስክሪን ላይ ሲያልፍ ይታየኛል። ከዚያ ሆዳቸው ይርገበገብ ጀመር፤ የሚስቁ መሰለኝ። «ዓመት ሙሉ በዚህ ልጅ ስም ሰው ሳስጨንቅ!» አሉ። ሳቁ የት ላይ እንዳበቃና ልቅሶው የት ላይ እንደጀመረ ልነግርህ አልችልም፤ እኔም በደንብ አላየሁም። እትዬ አማረች ብቻ ረጋ ብለው «ምነው? ይጫወት እንጂ። ለምሳ ሊወጣ ነው» አሉ።

ጋሼ ህሩይ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና «እንዴት ነው ይኼ?» አሉኝ። «ቀዩ ላይ ጥቁሩን ነው ጋሼ።» በወፍራም ጣታቸው አንድ ሁለት ካርታ አነሡ፣ አስቀመጡ። ትንሽ ቆይታ ምስጢር «ጋሼ፣ ይኼ እንኳ መውጫ የለውም፤ ከመጀመሪያውም የሚያልቅ አልነበረም» አለች። «እሺ» አሉና ተነሡ። ሥሩንም ከነካርታው በተውሶው ዲስክ ላይ ገልብጠን እንደምናስቀምጥ ነገርኋቸው፤ ለመገልበጥ ግን መዘጋት አለበት። እትዬ አማረች ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና የት ጋ እንደሚጫን ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ከመጫናቸው በፊት ወደ ስክሪኑ «በል ሂድ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል» አሉት።

ጎተራው አሁን ሰፊ ነው። ልትደሰት ይገባህ ነበር ትለኝ ይሆናል፤ አልተደሰትሁም። ሐሙስ ጠዋት እትዬ አማረች እንደወትሮው ስልካቸውንና ገመዳቸውን ይዘው መጡ። ኮሪደሩ መካከል ሲደርሱ ቆሙ። የሚሄዱበት አልነበራቸውም። «ሕሊና ሥራ አገኘች» አሉኝ። እኔም «እንኳን ደስ ያለዎ» አልሁ። ገመዱን ጠቅልለው ተመለሱ። አርብም መጡ፤ ዛሬም መጡ። ምስጢር ወንበር ሰጥታቸው ወሬውን ለእሷ ይነግሯታል፤ እሷም ትሰማለች፤ ሆኖም ስልኩን አውጥተው ማሳየት ይጀምሩና እንደገና ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። እኔ ስለ ማሽን የሚጠይቀኝ ቢኖር እመልሳለሁ። ወሬውን ለማን ይንገሩ ለሚለው ግን በእኔ ሙያ መልስ የለም። አንተ ነህ ያዘዝሃቸው፤ አንተው መጥተህ የቀረውን ንገራቸው። ሙት ዓመቱ የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ጋሼ ህሩይም «አባ ገብረ ኪዳን ካልመጡ ዳስ አልተክልም» ብለዋል። ዳኛው ሲመለስ ከፊት ወንበር ያስቀምጥሃል፤ ነግሬዋለሁ። ምክር ስትሰጥ ግን፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ከዚህ በኋላ ለመቃብር የተባለውን «ለመቃብር» ብለህ ለይተህ ተናገር።

ለሐረገወይን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ የላከችው ሽሮ ደርሶ አልቋል፣ ማለቁንም አትደብቃት። ጸሎትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከነከሰችህ ጥርስ አውጥታለችና ጻፍልኝ። አብረውህ ለሚቀድሱት አባቶች፣ ለአቃቤውም ጭምር፣ ሰላምታዬ ይድረስ። እናታችን ጉልበትህን በቅቤ እንድታሸው ብላለች፤ ቅቤውን ለዳኛው ሰጥቻለሁ፣ መንገድ ላይ ካልቀለለ።

ታናሽ ወንድምህ
ቢያዝን

ፀዳ፣ ጎንደር
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ጸሐፊው ጺሙን የተላጨው በሙቀት ምክንያት እንደሆነ የተገለጸው ትክክል አይደለም። ማቀዝቀዣው ከኅዳር ጀምሮ ያለምንም ችግር እየሠራ ይገኛል። ጺሙ የሐዘን ጺም ነበር። ረቡዕ ማሽኑ ከተዘጋ በኋላ ወይዘሮ አማረች በቦታው ለተገኙ ሁለት ወንዶች «በቃችሁ፣ ተላጩ» ሲሉ በሰጡት ትእዛዝ መሠረት፣ አቶ ህሩይና ጸሐፊው ሐሙስ ረፋድ በአንድ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተላጭተዋል። ቀደም ሲል ለተሰጠው የተሳሳተ መግለጫ ይቅርታ ይጠየቃል።